የጤና ቆጠራ ለምን? ከብዙ ሰው መዝገብ ስለ ደም ብዛትና ስለ ስኳር በሽታ የምንማረው



የጤና ሠራተኞች መዝገብ ይዘው ከቤት ወደ ቤት ሲዞሩ፣ ዕድሜ ሲጠይቁ፣ ክብደት ሲመዝኑና የደም ግፊት ሲለኩ፣ "እኛ አላመመንም፤ ለምን ትለኩናላችሁ?" የሚሉ ወገኖች ብዙ ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስደተኛ በየደረሰበት ሲመዘገብ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ አንድ ተጨማሪ መዝገብ ባየ ቁጥር ቢጠራጠር አይፈረድበትም። በዚህ ትምህርታችን ለዚያ ጥያቄ መልስ ለመስጠት እንሞክራለን። የብዙ ሰዎች የጤና መረጃ በአንድነት ሲሰበሰብ ሥር ስለሰደዱ በሽታዎች፣ በተለይም ስለ ደም ብዛትና ስለ ስኳር በሽታ ምን እንደሚያሳይ፣ ለስደተኛውም ምን እንደሚጠቅመው እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማያሳምም በሽታ

ወባ የያዘውን ሰው ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል። ተቅማጥ የያዘውም ሰው መታመሙን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገውም። ደም ብዛት ግን እንዲህ አይደለም። የደም ግፊቱ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ለብዙ ዓመታት ምንም ሳይሰማው ሥራውን እየሠራ፣ ልጆቹን እያሳደገ ሊኖር ይችላል። በዚያ ጊዜ ሁሉ ከፍ ያለው ግፊት የደም ሥሮችን፣ ልብን፣ ኩላሊትንና ዓይንን ቀስ በቀስ ይጎዳል። ብዙ ጊዜ በሽታው የሚታወቀው ግማሽ አካል ሲሰንፍ ወይም ኩላሊት ሲደክም ነው። ያን ጊዜ ቤተ ሰቡ "ትናንት ደህና ነበር፤ ድንገት ነው የወደቀው" ይላል። በሽታው ግን ድንገት አልመጣም፤ ሳይለካ ቆይቶ ነው።

በጎልማሶች ላይ የሚታየው የስኳር በሽታም እንደዚሁ ነው። የውኃ ጥም፣ ሽንት ማብዛትና ያለ ምክንያት መክሳት ምልክቶቹ ናቸው። ይሁንና እነዚህ ከመታየታቸው በፊት በሽታው ለዓመታት በሰውነት ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባላል። እነዚህ በሽታዎች ግን ባለቤቱ ሳይደብቃቸው ራሳቸው ይደበቃሉ። መኖራቸው የሚታወቀው በመለካት ነው። ምክንያታቸው የሚታወቀው ደግሞ ብዙ ሰዎችን ለክቶ በማነጻጸር ነው። አንድ ሐኪም አንድ በሽተኛ ብቻ አይቶ፣ ሕመሙን ያመጣው ጨው ይሁን፣ ዕድሜ ይሁን፣ ከወላጅ የተወረሰ ይሁን በእርግጠኝነት መናገር አይችልም። አንድ ሺህ ሰዎችን ለክቶ፣ ጨው የሚያበዙትን ከማያበዙት፣ ወጣቶችን ከአዛውንቶች፣ የሚያጨሱትን ከማያጨሱት ጋር ሲያነጻጽር ግን ልዩነቱ ይታየዋል። በአንድ ሰው ላይ የተደበቀው በብዙ ሰው ላይ ይገለጣል። የጤና ቆጠራ ዋና ትርጉሙ ይኸው ነው።

አጋላጭ ምክንያት ማለት ምንድን ነው?

ይህን ዓይነት ጥናት በሰፊው ያስተዋወቀው በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ በ1948 የተጀመረው ሥራ ነው። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 62 ዓመት የሆኑ 5,209 ወንዶችና ሴቶች ተመዝግበው በየሁለት ዓመቱ ይመረመሩ ጀመር። አጥኚዎቹ መድኃኒት አልሰጧቸውም። መዘገቧቸው፣ ጠበቁ፣ ተከታተሉ። ዓመታት ካለፉ በኋላ በልብ በሽታ የተያዙትን ካልተያዙት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ፣ በደማቸው ውስጥ ኮሌስትሮል የበዛባቸውና ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ይበልጥ እንደሚታመሙ ግልጽ ሆነ። ከዚያ በፊት በዕድሜ መግፋት የሚመጣ የደም ግፊት እንደ ተፈጥሮ ነገር ይታይ ነበር። ከዚህ ጥናት ከወጡ ጽሑፎች በአንዱ፣ በ1961፣ "አጋላጭ ምክንያት" የሚለው አነጋገር ሥራ ላይ ዋለ፤ ከዚያም በሕክምናው ዓለም ተለመደ።

አጋላጭ ምክንያት ማለት የመታመም ዕድልን የሚጨምር ነገር ማለት ነው። በጭቃ መንገድ የሚሄድ ሁሉ አይወድቅም፤ በደረቅ መንገድ ከሚሄደው ይልቅ ግን የመውደቅ ዕድሉ ይበዛል። ሲጋራ እያጨሱ ሰማንያ ዓመት የኖሩ አንድ ሽማግሌ ቢኖሩ፣ በጭቃ ሄደው ያልወደቁ ሰው ናቸው ማለት እንጂ ጭቃው አያንሸራትትም ማለት አይደለም።

በአገራችን የተደረጉ ቆጠራዎች

"ይህ የፈረንጅ አገር ነገር ነው፤ ደም ብዛትና ስኳር የሀብታም በሽታ ናቸው" የሚል ሰው ይኖራል። ለዚህ መልሱን የሰጡት በአገራችን የተደረጉት ቆጠራዎች ናቸው።

በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራምን ጀመረ። በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና በአንድ የከተማ ቀበሌ ውስጥ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደገባና እንደወጣ በቤት ለቤት ጉብኝት ይመዘገብ ጀመር። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም በ1996 በሰሜን ጎንደር በዳባት ተመሳሳይ የምርምር ማዕከል አቋቋመ። ልደትና ሞት በተሟላ ሁኔታ በማይመዘገብበት አገር እንዲህ ያለ ቦታ ለአጥኚው እንደ መስኮት ነው።

በአዲስ አበባ ደግሞ በ2001 አንድ የተለየ ዘዴ ተጀመረ። ብዙ ሰው ቤቱ ስለሚሞት የሆስፒታል መዝገብ ብቻውን የከተማውን ሞት አያሳይም። የቀብር ሥነ ሥርዓት ግን ለሁሉም ይደረጋል። ስለዚህ በከተማው ባሉ የቀብር ሥፍራዎች፣ በአብያተ ክርስቲያናትም በሙስሊም መቃብሮችም፣ የሟቹ ዕድሜ፣ ፆታና ቤተ ሰብ የተናገረው የሞት ምክንያት እንዲመዘገብ ተደረገ። ከተመዘገቡት ውስጥ ለናሙና የተመረጡትን ሟቾች ቤተ ሰቦች የሠለጠኑ ጠያቂዎች እየሄዱ ሟቹ ከመሞቱ በፊት የታየበትን ምልክት ጠየቁ፤ ሐኪሞችም መልሱን አንብበው የሞቱን ምክንያት ወሰኑ። ከ2006 እስከ 2009 የተሰበሰበው መረጃ ሲጠና፣ ከአዋቂዎች ሞት ግማሽ ያህሉ እንደ ልብና የደም ሥር ሕመም፣ ካንሰርና ስኳር ባሉ በማይተላለፉ በሽታዎች የመጣ ሆኖ ተገኘ። ለቀስተኛው በየቀብሩ አንድ ሰው ብቻ ያያል፤ መዝገቡ ግን የከተማውን ሁሉ ለቅሶ በአንድ ላይ አሳየ።

በሕይወት ያሉትስ? በ2009 ዶክተር ፍቅሩ ተስፋዬና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት፣ በአዲስ አበባ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 64 ዓመት የሆኑ 3,713 ሰዎች ተለክተው ነበር። ከወንዶቹ ከመቶ 31.5፣ ከሴቶቹ ከመቶ 28.9 የሚሆኑት ደም ብዛት ነበረባቸው። ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ማለት ነው። በ2015 ደግሞ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የዓለም ጤና ድርጅትን ዘዴ ተከትሎ በመላ አገሪቱ ጥናት አካሄደ። ከ15 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 9,800 ያህል ሰዎች ተሳተፉ። ከመቶው 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። አንድ ሰው በቀን በአማካይ የሚመገበው ጨው 8.3 ግራም ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። አምስት ግራም ማለት ያልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። በወጡ፣ በሽሮው፣ በበርበሬውና በዳቦው ውስጥ ያለው ሁሉ በዚህ ውስጥ ይቆጠራል።

እንግዲህ በሽታው የሀብታም ነው የሚለው አባባል በቁጥር ሲመዘን አልቆመም።

ስደት ምን ይለውጣል?

ለእኛ ለስደተኞች ይበልጥ የሚጠቅመን ትምህርት በሱዳን በኩል ካለፉ ወገኖች የተገኘ ነው። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ ላይ፣ በገዳሪፍ በኩል እንደ ኡም ራኩባ ባሉ ካምፖች የነበሩ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ከካርቱም በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በ1991 ደግሞ ሌሎች በሺህ የሚቆጠሩ ከአዲስ አበባ ተከተሏቸው። በዚያ አገር የጤና መዝገብ የተሟላ ስለሆነ፣ አዲስ የገቡት ሲመጡ እንዴት እንደነበሩ፣ ከቆዩ በኋላስ ምን እንደሆኑ ማነጻጸር ተቻለ።

የተገኘው ነገር አሳሳቢ ነበር። በኢትዮጵያ ገጠር ሲኖሩ የስኳር በሽታን እምብዛም የማያውቁት እነዚህ ወገኖች፣ አዲሱ አገር ከገቡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሽታው ይታይባቸው ጀመር። በ1988 የወጣ ጥናት በወጣት ጎልማሶች መካከል በሽታው በርክቶ እንደተገኘ ገለጸ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተደረጉ ጥናቶችም የደም ግፊት ከቆይታ ጋር ከፍ እንደሚል አሳዩ። በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ኢትዮጵያውያኑ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በወጣትነታቸውና ሳይወፍሩ ጭምር በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አመለከተ።

ከዚህ ምን እንማራለን? የሰዎቹ ዘር ያው ነው፤ የተለወጠው ኑሮው ነው። በገጠር በእግር ይሄዱ የነበሩት በመኪና መሄድ ጀመሩ። ጤፍ፣ ማሽላና ባቄላ ይበሉ የነበሩት ነጭ ዳቦ፣ ስኳርና ዘይት አበዙ። በዚህ ላይ የቋንቋ ችግር፣ የሥራ ማጣትና የዘመድ ናፍቆት አለ። "ቀጭን ስለሆንሁ ስኳር አይዘኝም" የሚለው ሐሳብም ለእኛ ሰዎች አስተማማኝ እንዳልሆነ መዝገቡ ነግሮናል።

ብዙዎቻችሁ ወደ ካምፕ ከመምጣታችሁ በፊት በካርቱም፣ በተለይም ወገኖቻችን በብዛት በኖሩበት በጀብራ ሰፈር ኖራችኋል። የጀብራን ኑሮ በዚህ ዓይን እንመልከተው። ሙሉ ቀን ቁጭ ብሎ ሻይና ቡና መሸጥ፣ በሰው ቤት እስከ ሌሊት መሥራት፣ ምግብን በሩጫ መብላት የተለመደ ነበር። የካርቱም ሻይ ስኳር ይበዛዋል። አንድ ሰው በአንድ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ስኳር እያደረገ በቀን አምስት ብርጭቆ ቢጠጣ፣ አሥራ አምስት ማንኪያ ወይም 60 ግራም ያህል ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ ለአንድ አዋቂ 50 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ወደ 25 ግራም ቢወርድ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። ሻይ ብቻውን ጣሪያውን አለፈ ማለት ነው።

ቶምባክ የለመዱ ወንዶችም አሉ። በሱዳን የተደረጉ ጥናቶች የአፍ ካንሰር የያዛቸውን ሰዎች ካልያዛቸው ጋር አነጻጽረው ቶምባክ ተጠቃሚዎቹ ይበልጥ እንደሚታመሙ አሳይተዋል። ይህም በቆጠራ የተገኘ እውቀት ነው።

ቁጥርን እንዴት እናንብብ?

ቁጥር ሲነገረን ዝም ብሎ ማመንም ዝም ብሎ መጣልም ተገቢ አይደለም። ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ከስንት ሰው? እንበል፣ አንድ ክሊኒክ ባለፈው ወር 20፣ በዚህ ወር 40 የደም ብዛት በሽተኞች መዘገበ። በሽታው በእጥፍ ጨመረ ማለት ነውን? ባለፈው ወር የተለኩት 100፣ በዚህ ወር የተለኩት 200 ሰዎች ከሆኑ፣ በሁለቱም ወር ከመቶ 20 ነው። የጨመረው የተለካው ሰው እንጂ በሽታው አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከማን ጋር ተነጻጸረ? እንበል፣ ጨው ከሚያበዙ 100 ሰዎች 30ው፣ ከማያበዙ 100 ሰዎች 15ቱ ደም ብዛት ቢኖርባቸው፣ ጨው የሚያበዙት ዕድላቸው እጥፍ ነው እንላለን። ነገር ግን ጨው የሚያበዙት ሁሉ ሽማግሌዎች፣ የማያበዙት ሁሉ ወጣቶች ቢሆኑስ? ያን ጊዜ ልዩነቱን ያመጣው ዕድሜ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነው ጠያቂው ዕድሜያችሁን ሳይጽፍ የማያልፈው። ዕድሜን በግምት አሳንሶ ወይም አብዝቶ መናገር ውጤቱን ያበላሻል።

ሦስተኛ፣ ማን ቀረ? ቆጣሪው ቀን ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ቀን በሥራ ላይ ያሉት አይቆጠሩም። የአገሬው ሰው ብቻ የተጠየቀበት ጥናትም ስለ ስደተኛው አይናገርም። ያልተቆጠረ ሰው ችግሩ አይታይለትም፤ ችግሩ ካልታየለት መድኃኒቱም በበጀት ውስጥ አይያዝለትም።

ስማችን ወዴት ይሄዳል?

ከሁሉ በላይ የሚያሳስባችሁ ይህ እንደሆነ እናውቃለን። በጤና ጥናት ሥርዓት መሠረት ጠያቂው ማን እንደሆነና መረጃውን ለምን እንደሚፈልገው አስቀድሞ መግለጽ አለበት። እናንተ ፈቃደኛ ካልሆናችሁ አለመመለስ፣ ጀምራችሁም ማቋረጥ መብታችሁ ነው፤ በዚህ ምክንያት ሕክምና ወይም ራሽን ሊከለከል አይገባም። ውጤቱ ሲወጣ ስም አይወጣም፤ "ከመቶ ይህን ያህል" ተብሎ ብቻ ይጻፋል። ይህን ሳይገልጽ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ፣ "ለማን ነው? ለምንድን ነው? ስሜ ይጻፋል ወይ?" ብላችሁ ያለ ፍርሃት ጠይቁ።

መዝገብ ለስደተኛ የጠቀመበትን አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን፣ ኑዝሃ በተባለው የፍልስጥኤም ስደተኞች ጤና ጣቢያ፣ የደም ብዛትና የስኳር ሕሙማን በየሦስት ወሩ ይቆጠሩ ነበር። በ2012 በወጡት ጥናቶች እንደተገለጸው፣ ስንቱ እንደተመዘገበ ብቻ ሳይሆን ስንቱ ለክትትል እንደመጣ፣ ስንቱ እንደቀረ፣ የስንቱ የደም ግፊት እንደተስተካከለ ጭምር ይታይ ነበር። እንዲህ ያለ መዝገብ ሲኖር፣ የቀረ ሰው "ለምን ቀረ?" ተብሎ ይፈለጋል። መዝገቡ የሰውን መጥፋት ያሳያል ማለት ነው።

ምን እናድርግ?

በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሳ፣ ጀብራም ከባድ ውጊያ ከነበረባቸው ሰፈሮች አንዱ ሆነ። ብዙ ሆስፒታሎች ተዘጉ። ሰው ልጁን ይዞ ሲሸሽ ኪኒኑንና የሕክምና ካርዱን ለመያዝ ጊዜ አያገኝም። ሥር የሰደደ በሽታ ግን ከሰውየው ጋር ይሰደዳል። ስለዚህ፦

ዕድሜያችሁ ከ40 ዓመት ካለፈ፣ ወይም ወላጆቻችሁ ደም ብዛት ወይም ስኳር ከነበረባቸው፣ ሳያማችሁ ተለኩ። ከመለካታችሁ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አትጠጡ፣ ሲጋራ አታጭሱ፤ አምስት ደቂቃም ቁጭ ብላችሁ አርፉ። አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ቢገኝ አትደንግጡ፤ በሌላ ቀን ተመልሶ መለካት አለበት።

የተለካውን ቁጥር፣ ቀኑንና የምትወስዱትን መድኃኒት ስም በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር ያዙ። አዲስ ካምፕ ስትደርሱ አዲሱ ሐኪም ከባዶ እንዳይጀምር ይረዳዋል።

"ተሽሎኛል" ብላችሁ ኪኒን በራሳችሁ አታቋርጡ። የተሻላችሁ በኪኒኑ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ኢንሱሊን የምትወጉ፣ ማቀዝቀዣ የለንም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። በኬንያ በዳጋሃሌይ ስደተኞች ካምፕ የቤት ሙቀት ተለክቶ በ2021 በወጣው ጥናት፣ ኢንሱሊን በቀን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት ለአራት ሳምንት ኃይሉን እንደጠበቀ ታይቷል። በካምፓችሁ ከዚያ የበለጠ ሙቀት ሊኖር ስለሚችል፣ በእርጥብ የሸክላ ዕቃ ስለማስቀመጥና ስለ ጊዜው ከክሊኒኩ ባለሙያ ጋር ተነጋገሩ።

ጨውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል። ከሻይ ላይ በየብርጭቆው አንድ ማንኪያ ስኳር መቀነስ በቀን አምስት ማንኪያ ያድናል። በሳምንት አምስት ቀን፣ ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ገንዘብ አይጠይቅም።

የጤና ሠራተኛው መዝገብ ይዞ ሲመጣ፣ ጠይቃችሁ ከተረዳችሁ በኋላ እውነተኛውን መልስ ስጡት። ኪኒን የሚታዘዘው፣ የመለኪያ መሣሪያ የሚገዛው፣ ነርስ የሚመደበው በቁጥር ነው። "ሳይቃጠል በቅጠል" እንዲሉ፣ በዛሬ ቆጠራ የተገኘ በሽተኛ የነገውን ስትሮክ ሊያመልጥ ይችላል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

በየብሎኩ ስትሰበሰቡ ወይም በቡና ሰዓት እነዚህን ጥያቄዎች ተወያዩባቸው።

1ኛ. በቤታችሁ ውስጥ የደም ግፊቱ ተለክቶ የማያውቅ አዋቂ ስንት ነው? ለምን አልተለካም?

2ኛ. ከአገር ቤት ከወጣችሁ ወዲህ በምግባችሁና በእንቅስቃሴያችሁ ምን ተለወጠ? ከተለወጠው ውስጥ በእጃችሁ ያለው የቱ ነው?

3ኛ. በካምፓችሁ ቆጠራ ቢደረግ ሳይቆጠሩ ሊቀሩ የሚችሉት እነማን ናቸው? እንዲቆጠሩ ምን ማድረግ ይቻላል?

4ኛ. አንድ ሰው "አያቴ ጨው እየበሉ ዘጠና ዓመት ኖረዋል" ቢላችሁ፣ በዚህ ትምህርት መሠረት ምን ትመልሱለታላችሁ?